የተዝረከረከ የዕድር ዝርዝርን በስም የሚፈለግበት ዳታቤዝ ማድረግ፦ ደረጃ በደረጃ

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። በየሳምንቱ የማይቀር ጥያቄ አለ። የአንድ ዕድር ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው ይገባሉ። «ልጄ፣ ይቺን ዝርዝር ኤክሴል አድርግልኝ፤ ስም ስጽፍባት ቶሎ እንድታወጣልኝ» ይላሉ። ፍላሹን ስከፍት በወርድ የተጻፈ አሥር፣ አሥራ አምስት ገጽ ነው። ግማሹ ከደብተር የተገለበጠ፣ ግማሹ ከቴሌግራም ግሩፕ የተለጠፈ። ከኮዬ ፈጨም ከገላንም የሚመጡት ፋይሎች እንደዚሁ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው።

ፋይሉ ይህን ይመስላል። ስሞቹና ስልኮቹ የምሳሌ ናቸው።

12.ወ/ሮ አልማዝ ኃ/ሥላሴ ተሰማ ብ 41 ቤት 7 ስልክ 0900-00 00 01 መስከረም 2009 ገቡ
13 አቶ አበበ ገ/ማርያም ደስታ፣ብሎክ41/12፣+251900000002 (ባለቤታቸው አርፈዋል)
ብርሃኑ ጫላ ብ41 ቤት 3 የጥቅምት አልከፈለም
57- አልማዝ ሀይለስላሴ ብሎክ 41 ቁ.7 900000001 የጥቅምት አልከፈሉም

ተራ ቁጥር 12 እና 57 ላይ ያሉት አንድ ሴትዮ ናቸው። ለእኔና ለእናንተ ግልጽ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ነው የሚያየው። ከታች ያለው ሥራ አብዛኛው ይህን ለማስተካከል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኤክሴል ያለበት ኮምፒውተር። በነፃ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ ካልክም፣ ጎግል ሺትስም ይሆናል። የሜኑ ስሞች ትንሽ ይለያያሉ፤ አካሄዱ አንድ ነው።
- ኖትፓድ።
- በዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሚያውቀው የፊደል ኮድ) የሚጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ።
- ዋናው ደብተር፣ ለማመሳከሪያ።
- አባላቱን በመልክ የሚያውቅ ሰው ስልክ። «ተ/ማርያም» ተክለማርያም ይሁን ተስፋማርያም የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።
- ሁለት ፍላሽ።
- ለ300 አባል ሁለት ምሽት። መብራት ካልሄደ።

1. ዋናውን ፋይል አትንኩ

ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ሥሩ። እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ በአዲስ ቁጥር ሴቭ አድርጉ፦ ዕድር 1፣ ዕድር 2 እያላችሁ። ከታች የምትሠሯቸው ልውውጦች በአንድ ጠቅታ መቶ መስመር ይነካሉ። ስህተቱ የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስት ደረጃ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ኮንትሮል ዜድ አያድናችሁም።

2. ጽሑፉ ዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጡ

አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። በአማርኛ ከታየ ወደ 3 እለፉ። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ትርምስ ከሆነ ግን ፋይሉ የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ከሥር የተቀመጠው ኮድ ግን የላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብትፈልጉ ምንም አይመጣም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከቀየራችሁ በኋላ ሃያ መስመር ያህል ከደብተሩ ጋር አመሳክሩ። ዝርዝሩ መቶ መስመር የማይሞላ ከሆነ እንደገና መጻፉ ይፈጥናል።

3. ዓምዶቹን በወረቀት ላይ ወስኑ

መጀመሪያ ጸሐፊውን ጠይቁ፦ ከዚህ መዝገብ ምን ምን ትፈልጉበታላችሁ? «የብሎክ 41ን ሰዎች ስልክ አውጣልኝ» ከተባለ ብሎክ የራሱ ዓምድ ይኖረዋል። ማንም የማይጠይቀው ነገር ዓምድ አያስፈልገውም። ለአብዛኛው ዕድር እነዚህ ይበቃሉ፦

መለያ ቁጥር፣ መጠሪያ (አቶ፣ ወይዘሮ)፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ብሎክ፣ ቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የገቡበት ቀን፣ ሁኔታ (አባል፣ የለቀቀ፣ ያረፈ)፣ ማስታወሻ፣ የፍለጋ ስም።

ከኢንተርኔት የሚወርዱት ዝግጁ ፎርሞች ለስም ሁለት ዓምድ ብቻ ነው ያላቸው። አትጠቀሙባቸው፤ የአያት ስም መግቢያ ያጣና የትም ይወሸቃል። ማስታወሻ የሚለው ዓምድ ደግሞ ቦታ ያጣ ነገር ሁሉ ማረፊያ ነው። «ባለቤታቸው አርፈዋል» የሚል ነገር በጽዳት ሰበብ መጥፋት የለበትም።

4. አንድ ሰው፣ አንድ መስመር

ጽሑፉን ሁሉ ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። ኖትፓድ ቀለሙንም ሠንጠረዡንም አራግፎ ፊደሉን ብቻ ያስቀራል። ወርድ ራፕ የሚለውን አጥፉ። በሁለት መስመር የተቆረጠውን ሰው አንድ ላይ ቀጥሉ፣ ባዶ መስመሮችን አጥፉ። ከፊት ያለውን ተራ ቁጥርም አውጡት፤ ሁለት ሦስቴ የተደጋገመ ቁጥር የሌለበት ደብተር እስካሁን አልገጠመኝም።

ከዚያ ኮርሰሩን መጨረሻው መስመር ላይ አድርጉና ከታች የሚታየውን የመስመር ቁጥር በወረቀት ጻፉ። 318 ከሆነ፣ ከአሁን ጀምሮ በየደረጃው 318 መሆኑን ታያላችሁ። 317 ከሆነ አንድ ሰው ጠፍቷል ማለት ነው። ሴቭ ስታደርጉ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ 8 ይሁን።

5. እዝባሮቹን (/) ፍቱ፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። ኤክሴል ስምን የሚከፍለው በክፍት ቦታ ነው። «ገብረ ማርያም» ተለያይቶ ከተጻፈ ገብረ የሰውየው ስም፣ ማርያም የአባቱ ስም ይሆናል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱ ስም አንድ ቃል ይሁን።

ሥራው በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ነው፤ ኮንትሮልና ኤች ይከፍተዋል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

ሀ. መጀመሪያ መጠሪያዎችን። «ወ/ሮ» በ«ወይዘሮ»፣ «ወ/ሪት» በ«ወይዘሪት»፣ «ዶ/ር» በ«ዶክተር»።
ለ. ቀጥሎ የስም ምህጻሮችን። «ገ/» በ«ገብረ»፣ «ኃ/» እና «ሀ/» በ«ኃይለ»፣ «ወ/» በ«ወልደ»። «ተ/»ን በጅምላ አትቀይሩ፤ ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል። «ሀ/» ላይም ዓይናችሁ ይኑር፤ ሀብተ የሚባሉም አሉ።
ሐ. በመጨረሻ ተለያይተው የተጻፉትን። «ገብረ» ብላችሁ አንድ ክፍት ቦታ ጨምሩ፤ ክፍት ቦታ በሌለው «ገብረ» ይተካ። ለወልደ፣ ለኃይለ፣ ለተክለ እንዲሁ።

ሐ የሚሠራበት ምክንያት ደስ ይለኛል። ለብቻው የሚቆመው ስም ገብሬ፣ ወልዴ፣ ኃይሌ፣ ተክሌ ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ግን ሁልጊዜ ተከታይ አላቸው። ስለዚህ ከተከታዩ ጋር ብታጣብቁት ሌላ ሰው አይነካም። ተስፋ ብቻ ነው አስቸጋሪው፤ ለብቻውም ስለሚቆም አንድ በአንድ እዩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ለ ከሀ በፊት ከተሠራ «ወ/ሮ» የሚለው «ወልደሮ» ይሆናል። ከራሴ ነው የምነግራችሁ። አንዴ ቸኩዬ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩና «ወልደሮ አልማዝ»፣ «ወልደሮ ዘነበች» እያለ የሚሄድ ስድስት ገጽ አትሜ ሰጠሁ። ጸሐፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?» አሉኝ። ወረቀቱን ከኪሴ ከፈልኩ።

6. መለያ መስመር አስገቡ

በመረጃዎቹ መካከል ቀጥ ያለችውን መስመር | አስገቡ። ብዙ ኪቦርድ ላይ ኢንተር አጠገብ ሺፍት ተጭኖ ትገኛለች። ኮማ ወይም ነጠላ ሰረዝ ለምን አይሆንም? ሰዎች በጽሑፋቸው መሀል እንደፈለጉ ስለሚጠቀሙባቸው። | ግን በዕድር ደብተር ውስጥ የለችም።

በመጀመሪያ ነጠላ ሰረዙን፣ ኮማውንና ሁለት ነጥቡን (፡) ሁሉ በአንድ ክፍት ቦታ ተኩ። ቀጥሎ ሁለት ክፍት ቦታን በአንድ ተኩ፤ «የለም» እስኪላችሁ ድረስ ደጋግሙት። ከዚያ «ወይዘሮ»ን ከነክፍት ቦታው በ«ወይዘሮ|»፣ «ስልክ»ን በ«|»፣ «ብሎክ»ን በ«|» ተኩ።

«ብ» ላይ ተጠንቀቁ። ዝም ብላችሁ «ብ»ን ከተካችሁ ብርሃኑ «|ርሃኑ» ሆኖ ይቀራል። ፊቱም ኋላውም ክፍት ቦታ ያለውን ብቻ ፈልጉ። ከቁጥር ጋር የተጣበቀውን «ብ41» በእጅ አስተካክሉ።

እዚህ ደረጃ ላይ የእጅ ሥራ ይበዛል፤ ማምለጫ የለውም። እያንዳንዱ መስመር እኩል ስድስት መስመሪያ እስኪኖረው ድረስ አልፋችሁ ታያላችሁ። መረጃ የጎደለበት ቦታ ባዶውን ይቀመጣል፦

ወይዘሮ|አልማዝ ኃይለሥላሴ ተሰማ|41|7|0900-00 00 01|መስከረም 2009|
አቶ|አበበ ገብረማርያም ደስታ|41|12|+251900000002||ባለቤታቸው አርፈዋል
|ብርሃኑ ጫላ|41|3|||የጥቅምት አልከፈለም
|አልማዝ ሀይለስላሴ|41|7|900000001||የጥቅምት አልከፈሉም

አንድ መስመሪያ ከጎደለ የሰውየው ማስታወሻ ስልክ ዓምድ ውስጥ ይገባል።

7. ወደ ኤክሴል አስገቡ፤ ሁሉም ዓምድ ቴክስት ይሁን

ሁሉንም ኮፒ አድርጋችሁ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ለጥፉ። ዳታ፣ ከዚያ ቴክስት ቱ ኮለምንስ፣ ከዚያ ዲሊሚትድ። አዘር በሚለው ሳጥን | ጻፉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ፊኒሽ ለማለት አትቸኩሉ። ዓምዶቹን አንድ በአንድ እየነካችሁ ቴክስት የሚለውን ምረጡ። ይህን ከዘለላችሁት 0900000001 የነበረው 900000001 ይሆናል፤ ኤክሴል ስልክን ብዛት አድርጎ ስለሚቆጥር ከፊት ያለውን ዜሮ ይጥለዋል።

የስሙን ዓምድ በዚሁ መንገድ በክፍት ቦታ ክፈሉ። ከመክፈላችሁ በፊት በስተቀኙ ሁለት ባዶ ዓምድ አስገቡ፤ አለዚያ የአባት ስም ብሎኩን ይደመስሰዋል።

ስልኩን ለማጽዳት የስልኩን ዓምድ ብቻ ምረጡ። ሰረዝና ክፍት ቦታን በባዶ፣ +251ን በ0 ተኩ። ከዚያ አጠገቡ ባለ ባዶ ዓምድ ላይ ሌን (LEN) በሚባለው ፎርሙላ ርዝመቱን ቁጠሩ። 10 ያልሆነውን ሁሉ ፊልተር አድርጋችሁ እዩ። የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07፣ የአዲስ አበባ የቤት ስልክ በ011 ይጀምራል። ፎርሙላው ውጤት ከማሳየት ይልቅ እንደተጻፈ ከቀረ ዓምዱ ቴክስት ስለሆነ ነው፤ የመቁጠሪያውን ዓምድ ጀነራል አድርጉና እንደገና ጻፉት።

8. ቀኑን እንደ ቀን አታስገቡ

ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 10ን 10/02 ብላችሁ ብትጽፉ ዝም ብሎ የእነሱ ወር አድርጎ ይይዘዋል። ጥቅምት 30ን 30/02 ብትሉ ግን የእነሱ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው አይቀበለውም፣ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ነው፣ ጭራሽ የለም። ውጤቱ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ የሆነ ዓምድ ነው። በቅደም ተከተል ሲደረደር ይዘበራረቃል።

መፍትሔው ቴክስት በሆነ ዓምድ ላይ ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጎ መጻፍ ነው፦ 2009-01-15። ቀኑ ካልታወቀ 2009-01 ይበቃል። ወሩ ሁልጊዜ ሁለት አኃዝ ይሁን። 2009-2 ካላችሁ 2009-11 ከእሱ ቀድሞ ይሰለፋል፤ ጽሑፍ ሲደረደር የሚነጻጸረው ፊደል በፊደል ነውና።

9. የፍለጋ ስም ሥሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ፀሐይ የሚለውን ስም ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ ብለው የሚጽፉ አሉ። አንባቢ አይደናገርም። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ሌላ ቃል ነው። ዕድርም ራሱ እድር ይባላል!

የሰዎቹን ስም አታርሙ። ሰው ስሙን የሚፈልገው መታወቂያው ላይ እንዳለ ነው፤ የምስክር ወረቀት ሲጻፍም የሚያስፈልገው ያው ነው። ይልቅ ከጎን አንድ ዓምድ ጨምሩና እዚያ ላይ ብቻ ፊደሉን አንድ ዓይነት አድርጉ።

በፍለጋ ስም ዓምድ ላይ የእኩል ምልክት ጻፉ፣ የስሙን ሴል ንኩ፣ & ጻፉ፣ የአባት ስሙን ሴል ንኩ፣ ኢንተር። አያትን አላስገባሁም፤ ግማሹ መዝገብ ላይ ስለሌለ ማመሳሰሉን ያበላሻል። እስከ ታች ጎትቱት። ከዚያ ዓምዱን ኮፒ አድርጋችሁ በፔስት ስፔሻል፣ ቫልዩስ ብላችሁ እዚያው ላይ መልሳችሁ ለጥፉ። ይህ ካልተደረገ ቀጣዩ ልውውጥ ፎርሙላውን እንጂ ስሙን አይነካም።

አሁን ያንን ዓምድ ብቻ መርጣችሁ እነዚህን ተኩ፦

- ሐ እስከ ሖ እና ኀ እስከ ኆ ያሉትን በሀ ቤት አቻቸው። ሃ፣ ሓ እና ኃ ግን ሁሉም ሀ ይሁኑ፤ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው።
- ሠ እስከ ሦ ያሉትን በሰ ቤት አቻቸው።
- ዐ እስከ ዖ ያሉትን በአ ቤት አቻቸው። ኣ እና ዓ አ ይሁኑ።
- ፀ እስከ ፆ ያሉትን በጸ ቤት አቻቸው።
- ጐን በጎ፣ ኰን በኮ፣ ቈን በቆ።

ሁሉም ሲደመር 40 ልውውጥ ነው። ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ እንጂ ብዙ አይፈጅም። የእኛ ወይዘሮ አልማዝ ሁለቱም ቦታ ላይ «አልማዝሀይለስላሴ» ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዓምዱን ሳትመርጡ አንድ ሴል ላይ ቆማችሁ ሪፕሌስ ኦል ካላችሁ ኤክሴል ሺቱን በሙሉ ይቀይራል። የሁሉም ሰው ስም ይበላሻል።

10. የተደገሙትን ለዩ፣ መለያ ቁጥር ስጡ

የፍለጋ ስም ዓምድን መርጣችሁ ከኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ውስጥ ዱፕሊኬት ቫልዩስ የሚለውን ንኩ። የተደገመው ቀይ ሆኖ ይታያል። ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ የሚለውን አውቶማቲክ ማጥፊያ አትጠቀሙ። በስምና በአባት ስም አንድ የሆኑ ሁለት ጎረቤታሞች ይኖራሉ። ብሎኩ፣ ቤት ቁጥሩና ስልኩ አንድ ከሆነ ብቻ አንድ ሰው ናቸው። ያኔም አንዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ማስታወሻውንና የገቡበትን ቀን ወደ ሌላው አዛውሩ። ስንት እንዳጠፋችሁ ከ318ቱ አጠገብ ጻፉ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ስጡ፦ 1001፣ 1002 እያላችሁ። አባሉ ቢለቅ ወይም ቢያርፍ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ከተሰጠ የድሮው ሰው ክፍያ በአዲሱ ስም ይወጣል።

11. ቤተሰብንና ክፍያን በሌላ ሺት ላይ አድርጉ

«ልጅ 1፣ ልጅ 2፣ ልጅ 3» እያላችሁ ዓምድ አትጨምሩ። ሰባት ልጅ ያለው ሰው ይመጣል። ሁለት ተጨማሪ ሺት ክፈቱ።

ቤተሰብ፦ የአባሉ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ ዝምድና። ለአንድ ቤተሰብ አባል አንድ መስመር።
ክፍያ፦ የአባሉ መለያ ቁጥር፣ ወር (2009-02)፣ ብር፣ የደረሰኝ ቁጥር። ለአንድ ክፍያ አንድ መስመር።

ሦስቱን ሺት የሚያገናኘው መለያ ቁጥሩ ነው። ለቅሶ ሲደርስ የሚከፈለው እንደ ዝምድናው ስለሚለያይ ዝምድና የራሱ ዓምድ ያስፈልገዋል። ውዝፍ ያለበትን ለማወቅ ደግሞ ካውንትኢፍ (COUNTIF) በሚባለው ፎርሙላ የእያንዳንዱን አባል ቁጥር በክፍያ ሺት ላይ ስንት ጊዜ እንዳለ ቁጠሩ። ስድስት ወር አልፎ አራት ከሆነ የሁለት ወር አለበት።

12. ሞክሩት

ከደብተሩ ላይ በዘፈቀደ አሥር ሰው ምረጡና ፈልጓቸው። ፍለጋው የፍለጋ ስም ዓምድ ላይ በፊልተር ነው። ለጸሐፊው ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፉላቸው፦ «በሀ፣ በሰ፣ በአ፣ በጸ ብቻ ጻፉ፤ ክፍት ቦታ አትተዉ»። ከአሥሩ አንዱ ካልተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ 5 ላይ ያመለጠ እዝባር ነው።

በብዛት የሚያጋጥሙ ችግሮች

ስሞቹ ሁሉ ???? ሆኑ። ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጋችሁ ሴቭ ስታደርጉ ተራውን መርጣችኋል። ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጡ። ????ው ተመልሶ አማርኛ አይሆንም፤ ከኮፒው እንደገና ጀምሩ።

አንዱ ዓምድ ብቻ ተደርድሮ ስልክና ስም ተለዋወጠ። ሶርት ስታደርጉ አንድ ዓምድ ብቻ ስለመረጣችሁ ነው። መጀመሪያ ኮንትሮልና ቲ ተጭናችሁ ዝርዝሩን ቴብል አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ አብሮ ነው የሚንቀሳቀስ።

ጎግል ሺትስ ላይ አድርገን የማናውቀው ሰው ገባ። ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲያይ ከፍታችሁ ግሩፕ ላይ ለጥፋችኋል። የሰው ስልክና የቤት ቁጥር ነው። ለጸሐፊው፣ ለገንዘብ ያዡና ለሰብሳቢው በኢሜይላቸው ብቻ ፍቀዱ።

ዝርዝሩ ሺዎች ውስጥ ገብቶ ኤክሴል ከከበዳችሁ ሦስቱን ሺት ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8 አድርጋችሁ ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ አስገቡ። እዚያም ስልክና ቀን ቴክስት መሆናቸውን እዩ። ለአንድ ሰፈር ዕድር ግን ኤክሴሉ ከበቂ በላይ ነው።

አዲስ አባል ሲገባ ስሙን እንደ መታወቂያው፣ የፍለጋ ስሙን በአራቱ ፊደል ሕግ፣ በአንድ ቁጭታ ጻፉ። «በኋላ እሞላዋለሁ» የተባለ የፍለጋ ስም አይሞላም፤ ሰውየውም ለቅሶ ሲደርስ መዝገቡ ላይ የለም ይባላል። ማታ ሲዘጋ አንዱ ፍላሽ ከጸሐፊው፣ ሌላው ከገንዘብ ያዡ ጋር ይደር።